የኦሊምፒያ ሕግ
የኦሊምፒያ ሕግ (በስፓኒሽ፦ ሌይ ኦሊምፒያ) በሜክሲኮ በኢንተርኔት የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃትን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጡ የሕግ ማሻሻያዎች የወል ስም ነው። ስያሜውን ያገኘው ከፑዌብላ ግዛት ተወላጇ የመብት ተሟጋች ኦሊምፒያ ኮራል ሜሎ ነው።

ኦሊምፒያ የ18 ዓመት ወጣት ሳለች የወሲብ ቪዲዮዋ ያለ ፈቃዷ ተሰራጨ። በጊዜው ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2014 የሕግ ረቂቅ ለግዛቱ ምክር ቤት አቀረበች፤ የጸደቀው ግን በ2018 ነው። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ፤ በ2021 በአገር አቀፍ ደረጃ ጸደቀ።

በፌዴራሉ ሕግ የዐዋቂን ሰው የወሲብ ምስል፣ ቪዲዮ ወይም ድምፅ ያለ ፈቃዱ የቀረጸ ወይም ያሰራጨ ከ3 እስከ 6 ዓመት እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። አድራጊው የአሁን ወይም የቀድሞ የፍቅር ጓደኛ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። አርጀንቲናም በ2023 በዚሁ ስም የሚጠራ ሕግ አውጥታለች።