ከለገሃር እስከ ጦር ኃይሎች፦ ባቡሩ ለማኅበራችን የሚያስተምረው

ከአየር ጤና፣ ከቤተልና ከአለም ባንክ የምንነሳ አባላት ወደ መሃል ከተማ ስንሄድ ብዙ ጊዜ የምንገናኘው ጦር ኃይሎች ባቡር ጣቢያ ነው። የምዕራቡ መስመር እዚያ ያበቃል፤ ወደ ኮልፌ ውስጥ አይዘልቅም። ከታክሲ ወርደን፣ ትኬት ቆርጠን፣ ዘንቢላችንን አጠገባችን አስቀምጠን እንጠብቃለን። ጥበቃው ሲረዝም ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩ ለምን ይዘገያል? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

አዲስ አበባ ባቡርን ያወቀችው በለገሃር ነው። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ባቡር ጣቢያው» ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መስመሩ እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ገንዘብ አለቀ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

በዚህ 784 ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር ብዙ እናቶች ከድሬዳዋ ጨርቅና ሸቀጥ እያመጡ ነግደዋል፤ ልጆችም አሳድገዋል። እያደር ግን ሀዲዱም ሞተሩም አረጀ። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው ጉዞ ተቋረጠ። አዲሱ የጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻው ለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ሆነ። በ2011 ዓ.ም. በለገሃር ዙሪያ ሰፊ የግንባታ ፕሮጀክት ሲጀመር አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነገረ።

የከተማችን ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው መስመር ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች በጋራ ከሚጠቀሙባቸው አምስት ጣቢያዎች አንዱ ለገሃር ነው። ስለዚህ ከጦር ኃይሎች ተነስተን በልደታና በሜክሲኮ ስናልፍ በቀድሞው ጣቢያ አጠገብ እንሄዳለን።

ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ታሪፉም ከ2 እስከ 6 ብር። ታሪፉ እኛን የመሰለ ሰው ያገናዘበ ነበር። በሒሳብ ዓይን ሲታይ ግን ችግሩ ግልጽ ነው፤ ገቢው በብር ነው፣ መለዋወጫውና ዕዳው በውጭ ምንዛሪ። መለዋወጫ ሲጠፋ ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ፤ የእኛም ጥበቃ ረዘመ።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በለጋሾቻችን ድጋፍ የተገዛው የበርበሬ ወፍጯችን ሞተሩ ተቃጥሎ ለሳምንታት መቆሙን ሁላችንም እናስታውሳለን። በመዝገባችን ላይ የእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ እንጽፍ ነበር፤ በባንክ ግን ለጥገና የተቀመጠ አንድም ብር አልነበረም። ትርፉን ለፋሲካ ተከፋፍለነው ነበር። ሒሳቡን የምንይዘው እኛም አስቀድመን ባለማሳሰባችን የጥፋቱ ተካፋዮች ነን።

እድሮቻችን ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ድንኳን ሲቀደድ፣ ብረት ድስት ሲበሳ የሚተኩት ከወር መዋጮ ነው። እኛም ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ከወፍጮውና ከእንጀራ ምጣዶቹ ገቢ ትርፍ ከመከፈሉ በፊት በየወሩ ለጥገና ይቀነስ፣ በተለየ የባንክ ሒሳብም ይቀመጥ።

«መስከረም ሲመጣ ለልጆቻችን ደብተርና ዩኒፎርም ምን ይተርፈናል?» የሚሉ እህቶች አሉ። ጭንቀታቸው የእኛም ነው። የሚቀነሰውም የማንንም ቤት እንዳይጎዳ መጠኑን በጉባኤው አብረን እንወስን። ይሁን እንጂ ወፍጮው በቆመባቸው ሳምንታት ሁላችንም ባዶ እጃችንን መግባታችንን አንርሳ።

ለጋሾቻችንንም እናመሰግናለን፤ ከእንግዲህ ማሽን ስትሰጡን ስለ መለዋወጫውም አብረን እንድንነጋገር በትሕትና እንጠይቃለን።