የመጤ ግፊት፦ ከመስታወት ገንዳ ወደ ወንዝ

በሜይ 2002 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከዋሽንግተን ብዙም በማትርቀው በሜሪላንዷ ክሮፍተን አንድ አጥማጅ ከሱቆች ጀርባ ካለች ትንሽ ኩሬ አይቶት የማያውቀው ዓሣ አወጣ። ሰውነቱ ረዘም ያለ፣ ጭንቅላቱ እንደ እባብ ጠፍጣፋ፣ አፉ በጥርስ የተሞላ ነበር። ሰውዬው ፎቶ አነሳውና መልሶ ወደ ውኃው ለቀቀው። ፎቶው የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ሲደርስ ባለሙያዎች ለዩት፦ ከቻይናና ከአካባቢዋ የመጣው ሰሜናዊው ስኔክሄድ ነው። ይህ ዓሣ እንደ እኛ አምባዛ ከውኃ በላይ ብቅ ብሎ አየር ይስባል፤ ቆዳው እስከረጠበ ድረስም ከውኃ ውጭ ለቀናት ይቆያል።

ምርመራው ወደ አንድ ነዋሪ አመራ። ሰውየው ለታመመች እህቱ ሾርባ ሊሠራላት አስቦ ከኒው ዮርክ ገበያ ሁለት ነፍስ ያላቸው ዓሦች ይገዛል። እህትየው ግን ሾርባው ሳይደርስላት ትድናለች። ዓሦቹ በቤት ገንዳ ውስጥ እየተቀለቡ አደጉ፤ ቀለባቸውም ቦታቸውም ሲከብደው ወስዶ ኩሬው ውስጥ ለቀቃቸው። መግደል አልሆነለትም ይሆናል፤ ስንቶቻችን እንችላለን? በሴፕቴምበር ባለሥልጣናቱ ሮቴኖን የተባለ የዓሣ መርዝ በኩሬው ውስጥ ረጩ። ከሞቱት መካከል ከአንድ ሺህ በላይ የስኔክሄድ ጫጩቶች ተገኙ።

እንዲህ ያለ ዓሣ በመንጠቆ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ለወንዙ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን «ስንተኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የሥነ ምኅዳር ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ፕሮፓጊውል ፕሬሸር የሚል ስያሜ አላቸው። አንድ ባዕድ ዝርያ ወደ አንድ ስፍራ በአንድ ጊዜ በስንት ቁጥር ገባ፣ ይህስ ስንት ጊዜ ተደጋገመ የሚሉትን ሁለት ነገሮች አጣምሮ ይለካል። ዝርያው በአዲሱ ስፍራ ይራባል ወይስ ይጠፋል የሚለውን ለመገመት ከሚረዱት ነገሮች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ነው።

በአማርኛ የመጤ ግፊት እንበለው። ፕሮፓጊውል በዕፅዋት ሳይንስ ዘር፣ ቁራጭ ግንድ፣ በጠቅላላው ተነጥሎ ወድቆ አዲስ ሕይወት ሊጀምር የሚችል ማንኛውም ነገር ነው። ስለዚህ ቃል በቃል «የዘር ግፊት» ማለት ይቻል ነበር። ግን «ዘር» በአገራችን ተሸክሞት የሚዞረው ሌላ ሸክም አለ፤ ዓሣው ተረስቶ ሌላ ክርክር ይከፈታል። «የልቀት ግፊት» ብንል ደግሞ የመኪና ጭስ ይመጣብናል። «መጤ» ራሱ ለሰው ሲባል ስድብ ነው፤ ቢሆንም ግብርናው «መጤ ወራሪ አረም» እያለ ለዕፅዋት ካዋለው ቆይቷል፣ ጆሮም ለምዶታል። ከ«ጫና» ይልቅ «ግፊት»ን የመረጥሁት ጫና ከላይ የሚከብድ፣ ግፊት ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋ በመሆኑ ነው። የተቀረቀረ በርን አንድ ሰው ገፍቶ ላይከፍተው ይችላል፤ ብዙዎች እየተመላለሱ ሲገፉት ግን መቀርቀሪያው ይላላል።

ቁጥርና ድግግሞሽ ይህን ያህል የሚወስኑት ለምንድን ነው? ብቻውን የተለቀቀ ዓሣ ጓደኛ ካላገኘ ዘር አይተካም። ሁለት ቢሆኑም ሁለቱም ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በተለያየ የወንዝ ጠርዝ ተለቀው ሳይገናኙ ሊያረጁም ይችላሉ። አንድ ክፉ ብርድ፣ አንድ ደራሽ ጎርፍ፣ አንድ የተራበ ወፍ ታሪካቸውን ይዘጋዋል። ሃያና ሠላሳ ሆነው ሲገቡ ግን ዕድል ያን ያህል አትጫወትባቸውም። በተለያየ ጊዜ የሚለቀቁት ደግሞ ከተለያየ ወላጅ የመጡ በመሆናቸው የትውልዱን ደም ያድሳሉ። ሌላው ጥቅማቸው ጊዜ ነው፤ ያለፈው ዓመት ቡድን በድርቅ ቢያልቅ የዘንድሮው ጥሩ ዝናብ ሊገጥመው ይችላል። የክሮፍተኖቹ ሁለቱ ዓሦች በዚህ ስሌት ዕድለኞች ነበሩ፦ ወንድና ሴት ነበሩ፣ ዝርያቸውም በአንድ ጊዜ እንቁላል በሺህ እየጣለ ጫጩቶቹን የሚጠብቅ ነው።

ግፊት ብቻውን በቂ አይደለም። ፓኩን እንውሰድ። ከአማዞንና ከኦሪኖኮ ተፋሰሶች የመጣ፣ የፒራንያ ዘመድ፣ ጥርሱ የሰው መንጋጋ የሚመስል ዓሣ ነው። ምግቡ በአብዛኛው ከዛፍ ወደ ውኃ የሚወድቅ ፍሬና ለውዝ ነው። በሱቅ ሲሸጥ ጣት ያህላል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ገንዳው አይበቃውም። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚናገር ሻጭ ብዙም አይገጥምም። በጁላይ 2016 በሚሺጋን ሴንት ክሌር ሐይቅና በፖርት ሂውሮን አጥማጆች ፓኩ አውጥተው ነበር። በ2013 ደግሞ በዴንማርክና በስዊድን መካከል ባለው የኧሬሱንድ ባሕር አንዱ ተይዞ አንድ የኮፐንሃገን ባለሙያ ዋናተኞች ሱሪያቸውን እንዳያወልቁ ሲል ቀለደ። ቀልዱ ዓለምን ዞሮ ሲመለስ ቁም ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ጋዜጦች ወንዶችን የሚያሳድድ ዓሣ መጣ ብለው ጻፉ። እንዲህ ባሉ ቀዝቃዛ ውኃዎች የፓኩ ዕጣ የተቆረጠ ነው፤ የመጀመሪያው ክረምት ይገድለዋል። በሞቃቷ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ግን በ1990ዎቹ ለሕዝብ ምግብ ተብሎ በሴፒክ ወንዝ ሆን ተብሎ ተለቀቀ፣ እዚያው ተራባ።

ወርቃማው ዓሣ (ጎልድፊሽ) የፓኩ ተቃራኒ ነው። የሐይቅ ገጽ በረዶ ሆኖ ኦክስጅን ሲያልቅ ሰውነቱ የተጠራቀመውን አሲድ ወደ አልኮል ቀይሮ በስንጥቡ ያስወጣዋል፤ በሆዱ ጠላ እየጠመቀ ይከርማል ቢባል ውሸት አይሆንም። እንዲህ ያለ ዓሣ ርካሽ ሆኖ በየቤቱ ሲቀመጥ ግፊቱን መገመት ነው። በጁላይ 2021 በሚኒሶታ የበርንስቪል ከተማ አስተዳደር ከኬለር ሐይቅ የወጡ ግዙፍ ወርቃማ ዓሦችን ፎቶ አሳይቶ ነዋሪዎቹን «እባካችሁ አትልቀቁ» ሲል ለመነ። ዓሣው ሲመገብ የሐይቁን ጭቃ እየቆፈረ ውኃውን ያደፈርሳል፣ የውኃ ዕፅዋትንም ይነቅላል።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ የፕሌኮ ታሪክ ነው። የገንዳ መስታወት ላይ ተጣብቆ አልጌ እየላሰ ስለሚውል ሰዎች ለጽዳት ይገዙታል፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ስሙ ራሱ «ጽዳት ሠራተኛ ዓሣ» ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን ሰውነቱ በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ ነው። ሲያድግ አርባ ሴንቲሜትር ያልፋል። በወንዝ ዳር ለእንቁላሉ ጉድጓድ ስለሚቆፍር ዳርቻውን ይንዳል። በሜክሲኮ ኢንፊየርኒዮ በተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከቲላፒያ ይልቅ እሱ መረብ እየሞላ፣ መረብም እየቀደደ የአጥማጆቹን ኑሮ አናግቷል። የሚያስገርመው ያ የናፈቁት ቲላፒያ ራሱ ከአፍሪካ የሄደ የእኛ ቆሮሶ ዘመድ መሆኑ ነው። አምባዛችንም በብራዚልና በህንድ ወንዞች እንግዳ ነው። አንዱ ዘንድ የምሳ ሳህን የሆነ ሌላው ዘንድ የሪፖርት ርዕስ ይሆናል።

በ2006 በካናዳና በአሜሪካ የቤት ዓሦች ላይ የታተመ ጥናት የመጤ ግፊትን በሱቅ መደርደሪያ አሳይቶታል፦ በሱቆች ተዘውትረው የሚሸጡ ዝርያዎች በዱር ውኃ የመገኘትና የመራባት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፣ ግዙፍ የሚሆኑትም እንዲሁ። ሰው የሚለቀው የወደደውንና የተቸገረበትን ነው ማለት ነው። ከዚህ ቀደም በ1996 ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ግምታዊ ሕግ አቅርበው ነበር፦ ከገቡት አሥር ዝርያዎች አንዱ ያህል ወደ ዱር ይወጣል፣ ከወጡት አሥር አንዱ ይራባል፣ ከተራቡት አሥር አንዱ ጉዳት ያደርሳል። ብዙ ዝርያዎች ቁጥሩን አይጠብቁም። ቢሆንም ሕጉ በሕዝብ አነጋገር የተቀላቀሉትን ሦስት ደረጃዎች ይለይልናል፦ መጤ፣ የተራባ፣ ወራሪ። በመንጠቆ የተያዘ አንድ ዓሣ መጤ ነው፤ ወራሪ ለመባል ገና ብዙ ይቀረዋል።

ለእኛ አገር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። እምቦጭ ከአማዞን ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ለኩሬ ጌጥ በመፈለጉ ነው። በአዋሽና በቆቃ ከታየ በኋላ በ2011 በጣና ላይ መኖሩ በይፋ ተነገረ። ጣና ደግሞ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ 15 ያህል የባርባስ ዓሦች መኖሪያ ነው። ገንዳ አስቀምጦ ዓሣ የሚቀልብ ሰው በከተሞቻችን እየበዛ ከሄደ ጥያቄው ከአረም ወደ ዓሣ መሻገሩ አይቀርም።

ወደ ስኔክሄዱ እንመለስ። የክሮፍተን ኩሬ ጸዳ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአሜሪካ መንግሥት ስኔክሄድን ከውጭ ማስገባት ከለከለ። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ2004፣ ዓሣው በፖቶማክ ወንዝ ገባሮች ውስጥ ተገኘ። ሰዉ ሁሉ ከክሮፍተን ያመለጠ መሰለው። የዘረመል ምርመራ ግን ዝምድና እንደሌላቸው አሳየ፤ ሌላ ሰው፣ በሌላ ቀን፣ ሌሎች ዓሦችን ለቋል። ከዚያም በፊት በ1997 በካሊፎርኒያ፣ በ2001 በማሳቹሴትስ ተይዞ ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ያልተለመደ ወሬ ነው፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን የመጤ ግፊት ናቸው።

ዛሬ ፖቶማክ ውስጥ ስኔክሄድን ማጥፋት የሚያስብ የለም፤ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ስለሆነ ብሉት ነው የሚባለው። ሜሪላንድ በ2024 በሕግ ስሙን «ቼሳፒክ ቻና» ብላ የለወጠችው እባብ የሚል ስም ደንበኛን ያርቃል በሚል ነው። በዋሽንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖሩ አንባቢዎች ወንዙ ደጃችሁ ነው፦ ይህ ዓሣ ከተያዘ በሕይወት ይዞ መገኘት ክልክል ስለሆነ እዚያው መግደል ነው። ለሌላ ለማታውቁት ዓሣ ሁሉ ደግሞ መልሶ አለመልቀቅ፣ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሳት፣ ቦታውን መጻፍ፣ ዓሣውን በረዶ ውስጥ ማቆየትና ለግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት ወይም የዓሣ መሥሪያ ቤት መደወል ይበቃል።

ፍሎሪዳ ሌላ መንገድ ከ2006 ጀምራለች፦ የውጭ አገር የቤት እንስሳ የከበደው ሰው ቅጣት ሳይፈራ አምጥቶ ያስረክባል፣ መሥሪያ ቤቱም ሌላ አሳዳጊ ይፈልግለታል። ግፊትን ከምንጩ ለመቀነስ የተሻለ ዘዴ አላየሁም፤ ገንዳ ላለው ሰው ወንዝ ካልሆነ ወዴት ይውሰደው ለሚለው መልስ አለውና።