ምዘናው የት ይሁን? የአዊ መካኒኮችና የፊሊፕ ፎስተር ክርክር

በአፍሪካ ስላለው የሙያ ሥልጠና የሚጽፍ ምሁር ፊሊፕ ፎስተርን ሳይጠቅስ እምብዛም አያልፍም። ፎስተር በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የጋና ተማሪዎች የእጅ ሙያን ትተው ቢሮ የሚመኙት ሥርዓተ ትምህርቱ ስላሳሳታቸው ሳይሆን ገበያው ለቢሮ ሥራ አብልጦ ስለሚከፍል ነው ብሎ ተከራከረ። የሙያ ትምህርት ቤት ማብዛት ምኞታቸውን ስለማይለውጠው ሥልጠናው ከመደበኛው ትምህርት ወጥቶ ወደ አሠሪው ይጠጋ አለ። በዘመኑ የሙያ ትምህርት ቤቶች ይስፋፉ ለሚሉት እንደ ቶማስ ባሎግ ላሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ነበር። በአማራ ክልል አዊ ዞን ካሉት ከእንጅባራና ከዳንግላ ጋራዦች ተነሥቶ ለሚያየው ግን ፎስተር ነገሩን ከግማሽ አድርሶ ትቶታል። ትምህርት ቤትንና አሠሪን ሲያነጻጽር ሁለቱም የሚዳኙበትን ምዘና ረስቶታል።

በኢትዮጵያ የሙያ ሥልጠና ታሪክ ደጋግሞ ስለተጻፈ የምጨምርበት የለኝም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድቡትን በ1900 ዓ.ም. ገሥጸዋል። የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተቋቋመ። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ያነሣው የእጅ ሥራ ንቀትም እዚህ ብዙ አያቆመንም፤ መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው መካኒኩን በምን ዓይነት ትሕትና እንደሚያናግረው ማየት ይበቃል።

ለዚህ ክርክር አዊ የተመቸ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ይሄዳል፤ ወደ ቻግኒና መተከል የሚወርደው መንገድ የሚነጠለውም ከእንጅባራ ነው። ሚኒባሱ በወረዳ ከተሞች መካከል፣ ባጃጁ በየከተማው ውስጥ ይመላለሳል፤ አይሱዙው ከፋግታ ለኮማ ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ያቀናል። አይሱዙን ከቀላል ተሽከርካሪ መቁጠር ያከራክር ይሆናል፤ ጋራዡ ግን ሁሉንም ይቀበላል።

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በፋብሪካው የነዳጅ ልክ ሲሠራ አየር ያጥረዋል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ያው መኪና ቻግኒ ሲደርስ 1,000 ሜትር ገደማ ወርዷል። ሾፌሩ ቁልቁለቱን በማርሽ በመያዝ ፈንታ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የፍሬን ዘይቱም ለዓመታት ሳይቀየር እርጥበት የጠጣ ከሆነ ይፈላና ፔዳሉ ከእግር ሥር ባዶ ይሆናል። የነዳጅ ፖምፓን ለደጋ ማስተካከልንም ሆነ ከቁልቁለት የመጣ ፍሬንን መርምሮ ማወቅን ለማጁ የሚማረው ከዋናው መካኒክ ጎን ቆሞ ነው። መፍቻ በማቀበልና ካንዴላ በማጽዳት ይጀምራል። ቀጥሎ ሸራ መቀየር ይፈቀድለታል፣ ከዚያም ፍሪሲዮን ማውረድ፤ ቴስታታ የሚነካው ግን ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው።

ምዘናን ወደሚመለከት ወደ ተዘነጋ ምንጭ ልምጣ። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የጀርመን የልማት ትብብር እጅ ያለበት ነው። የሥልጠናን መለኪያ ከትምህርት ዘመን ቁጥር ወደ ውጤት አዛወረው፤ 10+1፣ 10+2 የሚለው ቀርቶ ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለው አደረጃጀት መጣ። ሰው በኮሌጅም ይማር በጋራዥ፣ ችሎታው ተመዝኖ ማረጋገጫ ያገኛል የሚለው መርሕም ከዚያው ነው። መርሑ በተግባር የሚዋለው በሙያ ደረጃ ሰነዶች ሲሆን፣ አጥኚዎቻችን ተመራቂ ሲቆጥሩ እነዚህን ሰነዶች እምብዛም አይገልጧቸውም። እያንዳንዱ የብቃት አሃድ የአፈጻጸም መስፈርቶችና የማስረጃ መመሪያ አለው። በመመሪያው መጨረሻ ላይ፣ የአንባቢ ዓይን በሚደክምበት ቦታ፣ ምዘናው በሥራ ቦታ ወይም የሥራ ቦታን በሚመስል ሁኔታ ሊካሄድ እንደሚችል ሰፍሯል።

የሥራ ቦታው በቅድሚያ መጠቀሱን ልብ ይሏል። አሠራሩ ግን ሁለተኛውን አማራጭ ይዞ የመጀመሪያውን ጣለው። ተመዛኙ ወደ ምዘና ማዕከል ይሄዳል፣ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፣ ከዚያም በተዘጋጀለት ሞተር ላይ የተግባር ሥራ ይሠራል። ያ ሞተር ብዙ ጊዜ ከመኪናው ወጥቶ ማቆሚያ ላይ የተሰቀለ ነው። ከዳገት አልመጣም፤ ባለቤቱም ደጅ ቆሞ አይጣደፍም። ኮሌጅና ድርጅት በጋራ የሚሰጡት የትብብር ሥልጠና ስሌት ራሱ ሰልጣኙ 70 በመቶውን በድርጅት፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ ይማር ይላል። እንግዲህ ሰባውን የተማረበትን ቤት ትቶ በሠላሳው ቤት መመዘን በምን አግባብ ነው?

ፎስተር ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ለጋና ጥናቱ መጠይቅ ያቀረበው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንጂ ለጋራዥ ለማጆች ስላልነበረ፣ ወረቀትን የቢሮ መግቢያ ትኬት አድርጎ ብቻ አየው። በእኛ ዘንድ የመካኒክ ወረቀት ሌላ ሥራ አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መካኒክ ሲቀጥር የደረጃና የብቃት ምዘና ማስረጃ ይጠይቃል። ጋራዥ መክፈት ለሚፈልግም ያለ ብቃት ማረጋገጫ ነገሩ አይጀመርም። ለብዙ ዓመታት ከአንድ ዋና ጋር የሠራ የዳንግላ ልጅ የሚታወቀው በዋናው ደንበኞች ዘንድ ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ሲገባ ተመልሶ መፍቻ አቀባይ ይሆናል። ሥልጠናውን ለአሠሪው ትቶ ምዘናውን አለማንሣት ልጁን ለዋናው አስሮ ማስረከብ ነው። ፎስተር ይህን አሳስቦታል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም።

ከእርሱ በኋላ የመጡት የተሻለ አይተዋል። ኬኔት ኪንግ በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ኬንያ ባለ እጆች በጻፈው መጽሐፍ ጋራዡን እንደ ትምህርት ቤት አጥንቶታል። ኩርት ቤክ ደግሞ የሱዳን መካኒኮች ቤድፎርድ የጭነት መኪናን እንዴት እንደ አዲስ እንደሚያበጁት አሳይቷል፤ የቤክ ጉዳይ ግን ጥበቡ እንጂ ማረጋገጫው አይደለም። ሥርዓቱን የቀዳንባት ጀርመን እንኳ ለዚህ በር ከፍታለች፤ በሙያው የሥልጠናውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የሠራ ሰው በመደበኛው መንገድ ሳይሠለጥን ለመጨረሻው ፈተና ሊቀርብ ይችላል። ከጀርመን ብዙ ነገር ስናመጣ ይህኛውን አጥብቀን አልያዝነውም።

ጋራዡ ስህተትም ያስተምራል የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ መዛኙ እዚያው ቢገኝ ስህተቱን በዓይኑ ያየው ነበር። ዋናው ለዘመዱ ያደላል ለሚሉትም፣ መዛኙ ዋናው ነው ያለ የለም። ወጪ ይበዛል የሚሉት አንድ መዛኝ ወደ ጋራዦቹ ቢሄድ የሚወጣውን ለማጆቹ ሁሉ ሥራ ፈትተው ከሚጓዙበት ጋር ያስሉት። ከአንድ ዞን ተነሥቶ ስለ አገር መደምደም ጥንቃቄ እንደሚሻ አልክድም። ይሁን እንጂ ሰነዱ የተጻፈው ለመላ አገሪቱ ነው።

ኮሌጁ የሚቀድምበት ጉዳይ አለ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በ2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ክልል ከተሞችም መድረሱ አይቀርም። የብዙዎቹ ባትሪ ከ300 እስከ 400 ቮልት ይይዛል፤ ይህን እየሞከሩ መማር ለሞት ያጋልጣል። ኃይሉን ማቋረጥና መኖር አለመኖሩን በመሣሪያ ማረጋገጥ በኮሌጅ ይሰጥ፣ በኮሌጅም ይመዘን። ዛሬ አዊ ውስጥ የሚጠገነው ግን በአብዛኛው የናፍጣና የቤንዚን መኪና ነው። ለእርሱ ምዘናው ወደ ጋራዡ ሲመጣ ከየትኛው አሃድ ይጀመር ቢባል መልሴ ፍሬን ነው። መዛኙ ጠዋት ለማጁ ሸራ ሲቀይርና ከፍሬኑ መስመር አየር ሲያስወጣ ይይ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዶ በዚያው መኪና ወደ ቻግኒ ይውረድ፤ ውጤቱን ሲመለስ ይሙላ።