የፈረስ ኬክሮስ

በየብስ ያለ ቦታ ስያሜውን የሚያጸናለት ተራራ፣ ወንዝ ወይም ደብር አያጣም፤ ውቅያኖስ ግን ምልክት የማይተከልበት ስለሆነ ስሙ የሚኖረው ከመርከበኛ ወደ መርከበኛ በአንደበት ሲወራረስ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜንም በስተደቡብም በ30ኛው ዲግሪ አካባቢ የተዘረጋው፣ እንግሊዞች «የፈረስ ኬክሮስ» የሚሉት ጸጥተኛ የባሕር ክፍል እንዲህ ባለ ውርስ የቆየ ስም አለው።

የጸጥታው ምክንያት ከላይ ከአየሩ ነው። በምድር ወገብ በፀሐይ ሐሩር የጋለው አየር ወደ አርያም ወጥቶ፣ ወደ ዋልታዎች አቅጣጫ ተጉዞ፣ በዚህ ኬክሮስ ላይ ቁልቁል ሲወርድ የአየሩ ግፊት ይበረታል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይደክማል፤ የሰሃራን ምድረ በዳ ዝናም የሚነሣውም ይኸው ወራጅ አየር ነው። ተስፋዋን ሁሉ በሸራዋ ላይ የጣለች መርከብ እዚህ ስትደርስ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ቆማ ትቀር ነበር።

ስለ ስያሜው የሚተረከው ሁለት ዓይነት ነው። ከካፒቴን ጄምስ ኩክ ጋር በሁለተኛው ጉዞው የዞረው ጌዎርግ ፎርስተር በ1777 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ይህ ጸጥታ ወደ አሜሪካ ለሚጫኑ ፈረሶችና ከብቶች የሞት ስፍራ በመሆኑ እንደ ተሰየመ ጽፏል። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ከመርከበኞች ዕዳ ጋር ያያይዙታል፤ መርከበኛው ደመወዙን አስቀድሞ ተቀብሎ በየብስ ስለሚያጠፋው፣ የመጀመሪያውን ወር «ለሞተ ፈረስ» እንደሚሠራ ይቈጥረው ነበርና፣ ዕዳው ባለቀ ዕለት በገለባ የተሞላ የፈረስ ምስል በዘፈን አዙረው ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር።

ይህ ሁለተኛው ትርጓሜ ደስ ቢያሰኝም፣ ከልዩ ልዩ ወደብ በልዩ ልዩ ነፋስ የተነሡ መርከቦች ሁሉ ወራቸውን በአንድ ኬክሮስ ይፈጽማሉ ማለት ያዳግታል። ደግሞም እስፓኞች በሀገራቸውና በካናሪ ደሴቶች መካከል ያለውን ባሕር ከፎርስተር እጅግ አስቀድመው «የባዝራዎች ባሕረ ሰላጤ» ይሉት ነበር። በአሜሪካ የነበረው የፈረስ ዘር ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ጠፍቶ ስለ ነበር፣ ኮሎምቦስ በ1493 ፈረሶችን ጭኖ ከተሻገረ ወዲህ ባዝራ ለዘር የምትፈለግ ውድ ጭነት ሆነች፤ ብዙዎቹም በመንገድ እየሞቱ ወደ ባሕር ተጣሉ።

ስለዚህ የገለባው ፈረስ ቀድሞ የተሰጠውን ስም አጽንቶት ይሆናል እንጂ አላስገኘውም እላለሁ፤ ነፋስ የነሣው ባሕር በፈረስ ስም መጠራቱም፣ አዲሱን ዓለም ለመያዝ የተነሡት ሰዎች ምን ጭነው እንደ ተሻገሩና ምን እንደ ከፈሉ የሚያስረዳ ምስክር ነው።