ገዥ መሬት

በ2014 ዓ.ም. ዜና ስንከታተል ከጆሯችን የማይጠፋ አንድ ቃል ነበር፦ «ገዥ መሬት»። እገሌ ገዥ መሬት ያዘ፣ እገሌ ገዥ መሬት ለቀቀ። አብዛኞቻችን ቃሉን ሰምተን እናልፈዋለን እንጂ መሬት እንዴት ገዥ እንደሚሆን አንጠይቅም።

እስቲ በአውቶቡስ ወደ ደሴ እንሂድ። ከደብረ ብርሃን በኋላ ጉም ይቀበለናል፤ ጣርማበር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ እንሾልካለን፤ ስንወጣ መሬቱ ከሥራችን ይጠፋል። ከዚያ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን፣ በጠመዝማዛው ወርደን ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ እንገባለን። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ወረድን ማለት ነው።

አሁን ጉዞውን እንገልብጠውና ከታች ወደ ላይ እየተዋጋን እንውጣ። መኪናና ታንክ በአንድ ጠባብ መንገድ ተከታትሎ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ሁሉንም ያያል። አፋፉ ከተያዘ ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ድረስ እንዲህ ያለ ገደል የለም፤ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ናት፣ ከዋና ከተማዋ የምትርቀውም 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ። በኅዳር ደግሞ ሸዋ ሮቢትን ይዘው ወደ ደብረ ሲና ዘለቁ። የፌዴራሉ ጦርና አጋሮቹ አፋፉን ሙጥኝ ያሉት ለዚህ ነው። ውጊያው በመንዝ በኩል በሞላሌና በመዘዞ መካሄዱም አይገርምም፤ ዋናው በር የጠበበበት ጦር የጓሮ በር ይፈልጋል። በአፋር የሚሌ ጉዳይም ያው ነበር፤ እዚያ ያለው የጅቡቲ መንገድ ነው። በኅዳር መጨረሻ መንግሥት ሸዋ ሮቢትን፣ ቀጥሎም ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ ያዘ።

ሸዋ ይህን ትምህርት ቀድማ ታውቀዋለች። ነገሥታቷ ቆላውንና የሲራራ ነጋዴውን መንገድ ቁልቁል ከምታየው አንኮበር ላይ የከተሙት ለእይታው ውበት ብቻ አልነበረም። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው መጡ። ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ገጠሟቸው፤ ተሸነፉ፣ እሳቸውም ወደቁ። ዋናው የሸዋ ጦር ግን ለመሰባሰብ ፋታ አገኘ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ።

እንግዲህ ጦር በአንድ ኮረብታ ላይ የሚያልቀው ለኮረብታው ብሎ አይደለም። ከኋላው ላለው መንገድና ለፋታው ነው። አንዳንዴ የተሸነፈ መከላከልም ጦርነቱን ያሸንፋል።

ግን ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ገዥ መሬት ላይ ሰው ይኖራል፤ ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ ለመንገደኛ ቆሎ ይሸጣል። በ2014 ከብቱንና ቤቱን ጥሎ የሸሸው እሱ ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ሲነሳም ሰሜን ሸዋ እንደገና ተኩስ ሰማች። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የቀደመውን ጦርነት ዘጋ፤ ጣርማበርን ግን ከቦታዋ አላነሳትም። እኛ ተስማምተን መኖር ባቃተን ቁጥር መሬቱ ገዥ ይሆናል፤ የሚገዛውም እላዩ ላይ የሚኖረውን ገበሬ ነው።