ቤት ለእምቦሳ፣ ቤት ለኪራይ

አዲስ ቤት ለማየት የመጣ እንግዳ «ቤት ለእምቦሳ» ሲል፣ ባለቤቱ «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ የከብት አርቢ ኅብረተሰብ ምርቃት ነው፤ የቤት ክብሩ በሚያስገኘው ወርኃዊ ገቢ ሳይሆን በውስጡ በሚታሰረው ጥጃ ይለካ ነበር። በወተቷ በታወቀችው በፎገራ ላም አገር ይህ ቃል ከምርቃትም አልፎ የዕለት ኑሮ ነበር። ዛሬ ግን በወረታ ከተማ በየግቢው የተደረደሩት ክፍሎች የሚሠሩት ጥጃ እንዲታሰርባቸው ሳይሆን ተከራይ እንዲገባባቸው ነው። ለውጡ እንዴት እንደመጣ ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያሻል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ግለሰብም ቤት በማከራየት እንዳይተዳደር ተከለከለ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገቡ። እስከ 300 ብር የሚከፈልባቸው ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ወር በደረሰ ቁጥር በአከራዩ ፊት ሲሳቀቅ ለኖረው ድኻ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር።

ዳሩ ግን ቤት በአዋጅ ብቻ አይቆምም። ቆርቆሮ ይዝጋል፣ የጭቃ ግድግዳ በክረምት ይረግፋል፣ ማገር በምስጥ ይበላል። በጥቂት ብር ተተምኖ ለዓሥርት ዓመታት የቆየው የቀበሌ ኪራይ ለእድሳት አልበቃም፤ ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ሲል፣ ቀበሌውም «ገንዘብ የለኝም» ሲል፣ ጣራው በሁለቱ መካከል አፈሰሰ። ለኪራይ ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራ ግለሰብም ታግዶ ስለነበር፣ የከተማው ሕዝብ ሲበዛ የሚከራየው ቤት አብሮ አልበዛም። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ካከተመ በኋላ ሠርቶ ማከራየት እንደገና የተለመደ ሥራ ሆነ፤ ከተወረሱት ቤቶች አብዛኞቹ ግን በመንግሥት እጅ ቀሩ።

በዚያው ዘመን ርብና ጉማራ በየክረምቱ በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ሌላ ነገር ይበቅል ነበር። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ሩዝ አስሞከሩ። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ቀድሞ ውኃው ሲሸሽ ከብት ይግጥበት የነበረው መስክ እየታረሰ ሄደ፤ ሩዝም ገንዘብ አመጣ። ገንዘቡ ግን መሬት አይገዛም፤ በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የታገደውን የመሬት ሽያጭ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ከልክሎታልና። ስለዚህ ከገበሬው ከተረፈው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ወረታ ተሻግሮ ቤት ሆነ።

ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ ገበሬው ደግሞ ሊሸጥ የሚችል መሬት የለውም። በመሆኑም ቤቱ የሚቆመው በአዝመራ ሽያጭና በዕቁብ ነው፦ በአንዱ ዓመት የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በሌላው ዓመት ቆርቆሮ፣ ዕቁብ የወጣ ዕለት በርና መስኮት። የመጀመሪያው ክፍል ኪራይ ለሁለተኛው ምስማር ይገዛል። ከወልድያ በደብረ ታቦር በኩል የሚመጣው መንገድ ከባሕር ዳርና ጎንደር መንገድ ጋር በሚጋጠምባት በዚህች ከተማ መምህሩ፣ ሹፌሩ፣ የግብርና ኮሌጁ ተማሪና የሩዝ መፈልፈያው ሠራተኛ ክፍል ይፈልጋሉ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በተቆጣጣሪው አካል እንዲወሰን ደነገገ። የ1967ቱ አዋጅ ተከራዩን አስታውሶ ጣራውን ረስቶ ነበር። የአዲሱ ሕግ ፈተና ሁለቱን አንድ ላይ ማስታወስ ነው፤ ይኸውም ኪራዩ ተከራዩን እንዳያፈናቅል፣ ከኪራዩም ለቆርቆሮው የሚተርፍ እንዲኖር ነው። «ቤት ለእምቦሳ» ማለት ቤቱ የሚያድግ ነገር ማደሪያ ይሁን ብሎ መመኘት ነውና፣ ምርቃቱ በአንዲት ክፍል ልጅ ለሚያሳድገው ተከራይም ይገባዋል።