ምክንያቱ አልፎ የቀረ ሕግ፦ የስክሪን ምት ከ50 ኸርዝ እስከ ትየርኪዲ

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጂ-ሲንክ ብሎ የሰየመውን አዲስ የስክሪን ቴክኖሎጂ አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ደግሞ፣ ታኅሣሥ ላይ ጁባ ውስጥ ከፈነዳው ጦርነት ሸሽተው የመጡ ደቡብ ሱዳናውያንን ለመቀበል በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ፣ የትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ ተከፈተ። ሁለቱ ጉዳዮች ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ የባለጸጋ ቤት ጨዋታ፣ ሌላው የነፍስ ማዳን ሥራ ነው። ያም ሆኖ የቴክኖሎጂውን የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ ለቆጠረ ሰው፣ ሥሩ ቅንጦት ሳይሆን ቁጠባ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ይኸው ነው። ስክሪን ምቱን እንደ ሥራው እንዲለዋውጥ የሚያደርገው ይህ አሠራር አብልጦ የሚጠቅመው ጉልበተኛ ማሽንና የማይቋረጥ መብራት ያለውን ሳይሆን፣ ደካማ መሣሪያና ውስን ኃይል ያለውን ነው። ገበያው ግን ነገሩን ገልብጦ ይሸጠዋል።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመያዝ ከቴሌቪዥን ልደት መነሳት ያስፈልጋል። ስክሪን የቆሙ ምስሎችን በየተራ እያደሰ ዓይንን የሚያታልል ዕቃ ነው፤ ምቱ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ፣ የሚለካውም በኸርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ቢቢሲ ከለንደን መደበኛ ስርጭት ሲጀምር ይህ ቁጥር 50 እንዲሆን የተደረገው ዓይን ስለጠየቀ ብቻ አልነበረም፤ የብሪታንያ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስም ነው። የዚያ ዘመን መቀበያዎች ከመብራት መስመሩ የሚገባውን ረብሻ አጣርተው መጨረስ አይችሉም ነበር። የስክሪኑ ምት ከመስመሩ ምት ከተለየ በምስሉ ላይ ጥላ መሰል መስመር ሽቅብ ቁልቁል ይንሸራሸራል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ግን ጥላው ባለበት ይቆማል፣ ዓይንም ይለምደዋል። የአሜሪካ መስመር 60 ኸርዝ ስለነበር ቴሌቪዥኗም 60 ሆነ። ዓለም ለሁለት የተከፈለው በምስል ጥበብ ሳይሆን በኃይል ማመንጫ ማሽኖች ፍጥነት ነበር ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የተሰለፈችው በ50ው ጎራ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመገበው መስመር 50 ኸርዝ ነበር፤ ቴሌቪዥንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ መታየት ሲጀምር ይህንኑ ምት ተከተለ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ቀለም ሲገባ የተያዘው ስልት በጀርመኑ ቴሌፉንከን የተፈጠረው ፓል ነው፤ ያም በ50 ኸርዝ የሚሠራ ነው። ተመልካቹ የዚህን ምርጫ ዋጋ ሳያውቀው ከፍሏል። በሰከንድ በ24 ምስል የተቀረጸ ፊልም በ50ው ጎራ ቴሌቪዥን ሲታይ ወደ 25 ከፍ ተደርጎ ስለሚሮጥ፣ የ100 ደቂቃ ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል። በጌም በኩል የተገላቢጦሽ ነበር። ጃፓን ውስጥ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ጨዋታ በጥንቃቄ ሳይስተካከል ወደ 50 ሲዛወር ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሴጋው ‹ሶኒክ› በፓል ማሽኖች ላይ ከትውልድ አገሩ ይልቅ ቀርፋፋ ሆኖ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በአውሮፓ የተሸጠው ድሪምካስት እ.ኤ.አ. በ1999 በብዙ ጨዋታዎቹ ላይ 60 ኸርዝ የመምረጥ ዕድል እስኪሰጥ ድረስ፣ የተጫዋቹን ፍጥነት የሚወስነው ጨዋታውን የሠራው ሰው ሳይሆን ተጫዋቹ ያለበት አገር የመብራት መስመር ነበር።

የሚገርመው ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ሕጉ መቆየቱ ነው። ባለ ካቶድ ቱቦው የድሮ ቴሌቪዥን ያለማቋረጥ ካልታደሰ ምስሉ ወዲያው ይደበዝዝ ስለነበር ቋሚ ምት ግድ ይለው ነበር። ጠፍጣፋው ኤልሲዲ ግን የተሰጠውን ምስል ሌላ እስኪመጣ ይዞ ይቆያል። የኃይል ክፍሉም ከመስመሩ የመጣውን ሞገድ ወደ ቀጥተኛ ኃይል ስለሚቀይረው ለ50ም ለ60ም ግድ የለውም፤ ጭነት ሲበዛበት ዙሩ የሚወርድ ትንሽ ጄኔሬተር ቢቀጠልለትም ምስሉ አይንሸራሸርም። ይህ ሁሉ ተለውጦ ሳለ ስክሪኖች እንደ ድሮው በቋሚ ምት መሥራታቸውን ቀጠሉ። ጉዳቱን የተሸከመው ምስሎቹን የሚሥለው ማሽን ነው። በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ ለእያንዳንዱ ምስል የሚሰጠው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ማሽኑ አንዱን ምስል ለመሣል 18 ሚሊሰከንድ ቢፈጅበት ቀጠሮው በጥቂት ስለሚያመልጠው የሚቀጥለውን መጠበቅ አለበት፤ ምስሉ የሚታየው በ33.3ኛው ሚሊሰከንድ ይሆናል። በሰከንድ 55 ምስል የመሣል አቅም ያለው መሣሪያ 30 ብቻ ያሳያል ማለት ነው። አልጠብቅም ብሎ በመሐል ከገባ ደግሞ ስክሪኑ ላይኛው ግማሽ የቀድሞውን፣ ታችኛው ግማሽ የአሁኑን ምስል ይዞ ለሁለት የተቀደደ ይመስላል። ተለዋዋጭ ምት ያለው ስክሪን፣ እንደ መናኸሪያ ታክሲ በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ስለሚነሳ፣ ምስሉ ሲያልቅ ብቻ ያድሳል። 55 ከተሣለ 55ቱም ይታያል።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ለጌም ስክሪኖች የሚሆን አዳፕቲቭ-ሲንክ የተባለ ደረጃ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ያወጣው የስክሪን ደረጃዎች ማኅበር ቬሳ፣ አሠራሩ ከ2009 ጀምሮ በላፕቶፕ ስክሪኖች የውስጥ ግንኙነት ደረጃ ውስጥ እንደነበር ያን ጊዜ ገልጿል። እዚያ የገባው ለጨዋታ ልስላሴ አይደለም፤ ምስሉ ባልተለወጠበት ሰዓት ስክሪኑ በከንቱ እየታደሰ ባትሪ እንዳይጨርስ ነው። ኤንቪዲያ በጂ-ሲንክ ለየት ያለ ሰሌዳ ስክሪኑ ውስጥ አስገብቶ በውድ ሲሸጥ፣ ተቀናቃኙ ኤኤምዲ በጥር 2014 ያሳየው ፍሪሲንክ ከዚሁ ከላፕቶፑ ስልት የተወለደ በመሆኑ ያን ሰሌዳ አላስፈለገውም። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 አሠራሩን ወደ ቴሌቪዥን ገመድ አመጣው፤ ኤክስቦክስ በ2018 ተቀበለው፤ ሳምሰንግና ኤልጂ በተከታታይ በቴሌቪዥኖቻቸው አስገቡት፤ ፕሌይስቴሽን 5 ለገበያ ከወጣ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ በሚያዝያ 2022 ተከተለ። በሰኔ 2025 የወጣው ኔንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ አሠራሩን የሚጠቀመው በእጅ በሚያዘው በራሱ ስክሪን ላይ ነው።

ይህን ታሪክ ይዘን ወደ ትየርኪዲ ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በመጠለያ ጣቢያው አብዛኛው ቤት ከብሔራዊው መስመር ጋር አልተገናኘም። መብራት ከሶላር፣ የስልክ ቻርጅም ከሶላር ወይም ከጄኔሬተር ነው፤ ስለዚህ ኃይል የሚለካው በኪሎዋት-ሰዓት ሳይሆን ፀሐይ በሞላችው ባትሪና በጀሪካን በመጣው ነዳጅ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ዋናው ስክሪን ቴሌቪዥን ሳይሆን ስልክ ነው፤ ተለዋዋጭ ምት ቁጠባነቱን በግልጽ ያስመሰከረውም ስልክና ሰዓት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አምስተኛው አፕል ሰዓት ስክሪኑ ሳይጠፋ እንዲውል የተቻለው ምቱ በሰከንድ እስከ አንድ ጊዜ ስለሚወርድ ነው። በ2020 የወጣው የሳምሰንግ ኖት 20 አልትራ ከ120 እስከ 10 ይወርድ ነበር። እነዚህ ውድ ናቸው። ሆኖም በገበያችን የተለመዱ መካከለኛ ስልኮች እንኳ ምቱን ከፍ፣ ዝቅ ወይም በራሱ እንዲቀያየር የሚያደርግ ምርጫ በስክሪን ማስተካከያቸው ውስጥ አላቸው። መልእክት ለሚያነብ ሰው 120 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ቻርጅ ከማባከን በቀር የሚጨምርለት ነገር የለም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጌም ቤት ይመጣል፤ በቂ መሠረትም አለው። በከተሞቻችን በየሠፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ኑሯቸው እግር ኳስ ነው፤ የእግር ኳስ ጨዋታዎቹ ደግሞ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሳይቀር 60 ምስል ሳያጓድሉ እንዲሮጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ምት የማያጓድል ጨዋታ ምት የሚለዋውጥ ስክሪን አያስፈልገውም። ፕሌይስቴሽን 4 ራሱም አሠራሩን አይቀበልም። ስለዚህ ባለ ጌም ቤቱ ዛሬ ለዚህ ሲል ቴሌቪዥን ይቀይር ማለት ከንቱ ምክር ነው። ይህ ግን ሙግቱን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ጥቅሙ የሚጀምረው ማሽኑ ሥራው ከብዶት ከ60 በታች ሲወርድ መሆኑን ያሳያልና። እያረጀ የሚሄድ መሣሪያ ላይ ለዓመታት አዳዲስ ጨዋታ የሚጫወት ሰው፣ በየዓመቱ አዲስ ከሚገዛው ይልቅ በዚህ ክልል ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባለሙያዎች ነው። ስክሪኑ የማሽኑን ድክመት ከሸፈነ የጌም ሠሪዎች ስንፍና ይበረታታል፣ ሥራቸውን ሳያስተካክሉ ይለቃሉ ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሽፋኑ ወሰን አለው። ፕሌይስቴሽን 5 በኤችዲኤምአይ የሚሠራው ከ48 እስከ 120 ባለው መካከል ነው፤ ጨዋታው ከ48 በታች ከወረደ መንተባተቡ ተመልሶ ይመጣል፣ ማሽኑ ምስሉን ደግሞ በመላክ ካላካካሰው በስተቀር። ደካማ ሥራ እንደ ደካማነቱ ይታያል። በኦሌድ ስክሪኖች ላይም ምቱ ሲዋዥቅ ጨለማው ክፍል ብልጭ ድርግም የሚልበት ጊዜ አለ። በቴሌቪዥን ላይ የሚገኘው የኃይል ቁጠባም ትንሽ መሆኑ መነገር አለበት፤ አብዛኛውን ኃይል የሚበላው ብርሃኑ ነው እንጂ እድሳቱ አይደለም። ቁጠባው ጎልቶ የሚታየው በባትሪ በሚሠራ ዕቃ ላይ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው፤ ውኃ፣ ራሽንና ትምህርት ቤት ባልተሟሉበት ስለ ስክሪን ምት ማውራት ምን ይሉታል የሚል። ቅደም ተከተሉ አይካድም፤ ስክሪንን ከውኃ የሚያስቀድም የለም። ነገር ግን ስልኩ እዚያ ያለው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የተበታተነ ቤተሰብ የሚገናኘው፣ ገንዘብ የሚላላከው፣ ወጣቱም የሚማረው በእርሱ ነው። ያንኑ ስልክ ዋጋ ሳይጨምር ጥቂት ሰዓት የሚያስረዝም ነገር ቅንጦት ሊባል አይችልም። 50 ኸርዝ በለንደን ሲወሰን ጋምቤላን የጠየቃት አልነበረም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ እዚያ በባሮ ወንዝ ዳር የነበረው የእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ነበር። ዛሬም ደረጃ የሚያወጡት ማኅበራት አይጠይቋትም። ገዢ ግን የሚጠይቅበት አንድ ቦታ አለው፤ እርሱም ሱቁ ነው።

ሱቁ ውስጥ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 120 ወይም 144 ነው። ያ ቁጥር የሚነግረን ስክሪኑ የት ድረስ መሮጥ እንደሚችል ነው፤ ለመሮጥ ደግሞ ጉልበተኛ ማሽንና የማያልቅ ኃይል ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ወሳኙ ምቱ ስንት ድረስ እንደሚወርድ ነው፤ በጌም ከ48 በታች ያለውን ምስል ያካክሳል ወይ፣ በስልክ ምስሉ ሲቆም ምቱም ይወርዳል ወይ። ከአዲስ አበባም ሆነ ከጋምቤላ ገበያ የሚገዛ ሰው ትልቁን ቁጥር ትቶ ትንሹን ቢጠይቅ፣ አስመጪውም ውሎ አድሮ ትንሹን ማወቅና መጻፍ ግድ ይለዋል።